የላክናው የእጅ ጥልፍ ልብስ፦ ሳይታለሉ መግዛት፣ ሳያበላሹ ማጠብ

የህንድ የእጅ ጥልፍ ልብስ የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያጡት በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሱቅ ውስጥ ነው፤ የማሽን ሥራ በእጅ ሥራ ዋጋ ይገዛሉ። ሌላው ቤት ውስጥ ነው፤ እውነተኛውን ያገኙትም በመጀመሪያው እጥበት ያበላሹታል። ይህ መመሪያ ከሁለቱም እንዲያድናችሁ የተዘጋጀ ነው። ትኩረቱ በሰሜን ህንድ፣ በላክናው ከተማና በአካባቢዋ በሚሠራው ቺካንካሪ (በአጭሩ ቺካን) ላይ ነው። በመጠነኛ ገንዘብ ደህና የእጅ ሥራ የሚገኝበት ጥልፍ ነው፤ አስመስሎ የሚሠራውም በዚያው ልክ በዝቷል። በብረት ክር የሚሠራው ዛርዶዚ ጠባዩ ስለሚለይ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ለብቻው ተነስቷል።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የሚያዙ ነገሮች

• የልብስ ሰፊ ሜትር
• ካሜራው አቅርቦ የሚያነሳና መብራት ያለው ስልክ
• የመዳፍ ስፋት ያለው ነጭ የጥጥ ጨርቅ እና ትንሽ የውሃ ጠርሙስ
• በወረቀት የተጻፈ የራሳችሁ ልኬት

ደረጃ 1፦ ገንዘቡ የት እንደሚውል ወስኑ

ከላይ እስከ ታች የተጠለፈ፣ በእጅ የተሠራና ርካሽ፤ ሦስቱ በአንድ ልብስ ላይ አይገኙም። ሦስቱንም አለኝ የሚል ሻጭ አንዱን እየዋሸ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዋሸው በእጅ ስለመሠራቱ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የትኛውን እንደምትተዉ ወስኑ።

መተው ያለበት የጥልፉ ብዛት ነው። ጥሩ ጨርቅ ላይ በአንገቱ፣ በእጅጌው ጫፍና በታችኛው ጠርዝ ብቻ ያረፈ ደቃቅ ሥራ፣ በወፍራም ክር ሙሉውን ከተሞላ ቀሚስ ይልቅ የሚያምርና ዕድሜ ያለው ነው። ሻጮች ጥልፍን በፍጥነት ለመሙላት የሚያደርጉት የክሩን ፈትል መጨመር ነው። ደቃቅ ሥራ በአንድ ወይም በሁለት ፈትል ይሠራል፤ የችኮላው በአራትና ከዚያ በላይ። ጣታችሁን ስታሳርፉበት የሚጎረብጥና ጨርቁን የሚጎትት ከሆነ ክሩ ለጨርቁ ከብዶታል፤ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ጨርቁ በጥልፉ ዙሪያ ይኮማተራል።

ገንዘባችሁ ከዚያም የሚያንስ ከሆነ ቀሚሱን ተዉትና ዱፓታ ግዙ። ዱፓታ እንደ ነጠላ የሚጣል፣ ርዝመቱ ወደ 2.5 ሜትር የሚጠጋ ልብስ ነው። የልክ ጣጣ የለውም፣ ልብስ ሰፊ አይፈልግም፣ ጥልፍ በሌለው ቀሚስ ላይ ሲደረግ ሙሉ ልብሱን ያስከብራል። ለስጦታም ከቀሚስ ይልቅ እሱ ይሻላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ነጭ በነጭ ይምረጥ። ቀለም የመልቀቅ ስጋት የለበትም፣ የሥራው ጉድለትም በነጭ ላይ ቶሎ ይታያል።

ደረጃ 2፦ ልኬቱን በትክክል ያዙ

የህንድ ቀሚስ ወይም ኩርታ ላይ 36፣ 38፣ 40 ተብሎ የሚጻፈው በኢንች ነው፤ አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። ችግሩ አንዳንዱ ሱቅ የደረትን ልክ፣ ሌላው የልብሱን ስፋት መጻፉ ነው። ቁጥሩን አትመኑ፤ ለኩ።

1. በደንብ የሚሆናችሁን ሸሚዝ ወይም ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከብብት እስከ ብብት ለኩ፤ በሁለት አባዙት።
2. ትከሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ የክንድ ውፍረት፣ ዳሌ እና ሙሉ ርዝመት ጨምሩ።
3. ሱቅ ውስጥ ልብሱን ዘርግታችሁ በራሳችሁ ሜትር አመሳክሩ።

የቺካን ጥጥ አይለጠጥም። ልብሱ ከደረታችሁ ልክ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሰፋ ማለት አለበት። ጠባብ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀደደው በብብት በኩል ጥልፉ ያለበት ጨርቅ ነው። ገና ያልታጠበ ጥጥ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሜትር ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሊያጥር ስለሚችል ርዝመቱን ልክ ልክ አትግዙ። በመጨረሻ በውስጥ በኩል ጎኑን ተመልከቱ። ጥሩ ሰፊ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ካለ በኋላ ማስፋት ይቻላል።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ዓይናችሁን አስተምሩ፣ ከዚያ ግዙ

በቀጥታ ወደ መከራከሪያ ገበያ አትግቡ። ዴልሂ ከሆናችሁ ጃንፓት ላይ ያለው ሴንትራል ኮቴጅ ኢንዱስትሪስ ኢምፖሪየም ዋጋው ቁርጥ ነው። በባባ ካራክ ሲንግ ማርግ ጎዳና ላይ ደግሞ የየክፍለ ግዛቱ የዕደ ጥበብ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ላክናው ያለችው በኡታር ፕራዴሽ ስለሆነ የእሱን ፈልጉ። እዚያ ባትገዙም ልብሱን ዳስሱ፣ ገልብጡ፣ ዋጋውን መዝግቡ። ሌላ ቦታ የምትከራከሩት ይህን ይዛችሁ ነው።

ላክናው የምትደርሱ ከሆነ ቾክ የሚባለው አሮጌው ገበያ የሥራው ዋና መናኸሪያ ነው፤ አሚናባድ ለርካሹ፣ ሃዝራትጋንጅ ለተመረጠው ይሻላል። በከተማዋ ከጠላፊ ሴቶች ጋር የሚሠራው ሴዋ ላክናው የተባለ ድርጅትም አለ፤ የእጅ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት እሱም ጥሩ ቦታ ነው። ህንድ ሳትሄዱ የምትገዙ ደግሞ ዱባይ ውስጥ በቡር ዱባይ ያለው ሚና ባዛር፣ ለንደን ውስጥ ሳውዝሆል፣ አሜሪካ ውስጥ የቺካጎው ዴቨን አቬኑ የታወቁ የህንድ ልብስ መንደሮች ናቸው። እዚያ የሚሰቀለው አብዛኛው የማሽን ሥራ መሆኑን አትርሱ፤ ደረጃ 4ን ሳታደርጉ አትክፈሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የባጃጅ ሹፌር «ጥሩ ሱቅ አውቃለሁ» ብሎ ከወሰዳችሁ ኮሚሽኑ የሚከፈለው በእናንተ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ነው። የሱቁን ስም ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ምልክቶችም አንድ ነገር እወቁ። የላክናው ቺካን እ.ኤ.አ. በ2008፣ የላክናው ዛርዶዚ በ2013 የመልክዓ ምድር ስያሜ ጥበቃ፣ ማለትም ስሙ ለአካባቢው ሥራ ብቻ እንዲውል የሚያደርግ የሕግ ከለላ፣ ተመዝግቦላቸዋል። ይሁን እንጂ ወረቀት ላይ «ላክናው» ማተም ማንንም አያቅተውም። ሲልክ ማርክ የሚባለው መለያ ጨርቁ ሐር መሆኑን ብቻ ይመሰክራል፤ ጥልፉ በእጅ ይሁን በማሽን አይናገርም። ሻጩ ሲልክ ማርኩን እያሳየ ስለ ጥልፉ ቢያወራ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ደረጃ 4፦ ልብሱን ገልብጡት

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። ፊቱን ማስመሰል ይቻላል፤ ጀርባውን ማስመሰል ግን ከባድ ነው። ልብሱን ወደ ውስጥ ገልብጡ፣ ወደ ቀን ብርሃን ውሰዱ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ክሩ ስንት ነው?
የጥልፍ ማሽን በሁለት ክር ይሠራል፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከስር ከሚሾረው የክር ማጠንጠኛ። ስለዚህ በጀርባ በኩል ቀጭን፣ ብዙ ጊዜ ከፊቱ የተለየ ነጭ ክር ወጥ ሆኖ ተሰልፎ ታገኛላችሁ። የእጅ ጥልፍ አንድ ክር ነው የሚመላለሰው። ጀርባው ላይ የክር መነሻና መጨረሻ፣ ትናንሽ ቋጠሮ፣ ከአንዱ አበባ ወደ ጎረቤቱ የተሻገረ ክር ይታያል። ጀርባው ወረቀት የሚመስል ስስ ነጭ ነገር ከተለጠፈበት ወይም በጥልፉ ዙሪያ የተቀደደ ትርፍራፊው ከቀረ ማሽን ነው፤ ከዚህ በኋላ መመርመርም አያስፈልግም።

2. ሁለት አበባ አወዳድሩ
አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አበቦች ምረጡና ቅጠላቸውን፣ የስፌቱን ብዛት፣ አቅጣጫቸውን አስተያዩ። በእጅ የተሠሩት ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይሆኑም። በሁሉም አበባ ላይ ስፌቱ የሚያልቀው እዚያው ነጥብ ላይ ከሆነ የኮምፒውተር ሥራ ነው።

3. ጥላውን ፈልጉ
ባኪያ የሚባለው ስፌት የቺካን መታወቂያ ነው። ክሩ በጀርባ በኩል እየተጣመረ ይሄዳል፤ ከፊት የሚታዩት ሁለት መስመር የጥቃቅን ስፌት እና በመካከላቸው በስሱ ጨርቅ ውስጥ የሚያሳይ ደብዛዛ ጥላ ናቸው። ልብሱን በመስኮት ብርሃን ላይ ያዙት። ጥላው የመጣው ከጀርባ ከተጣመረው ክር ከሆነ እውነተኛ ነው። በፊት በኩል የተሞላ ስፌት ከሆነ ባኪያ አይደለም።

4. ቀዳዳዎቹን በስልክ አቅርቡ
ጃሊ የሚባለው መረብ መሰል ክፍል በእጅ ሲሠራ ጨርቁ አይቆረጥም። መርፌው ድሩንና ማጉን ገፍቶ ለያይቶ በጠባብ ስፌት ያስረዋል፤ ቀዳዳው የሚፈጠረው ከዚያ ነው። በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ እዩ፤ በቀዳዳው ዙሪያ የጨርቁ ክሮች ተሰብስበው ሳይቆረጡ ካገኛችኋቸው የእጅ ሥራ ነው። ተቆርጦ ጠርዙ በወፍራሙ የተዘመዘመ ከሆነ የማሽን ነው። ጃሊ ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ዋጋ ያስጨምራል፤ ጃሊ አለው ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ፈተና ሳታደርጉ እንዳታልፉ።

5. በጣት ዳስሱ
ሙሪ የሩዝ ፍሬ የመሰለ፣ ፋንዳ ደግሞ ክብና ትንሽ ቋጠሮ ነው። ሁለቱም ከጨርቁ ከፍ ብለው በጣት ይታወቃሉ። የማሽኑ ምትክ ጠፍጣፋ ነው።

6. ከአንገቱ ራቁ
በብዛት የሚያታልለው ይኸኛው ነው። ልብሱ በሙሉ በማሽን ይጠለፍና አንገቱ ላይ ብቻ ጥቂት የእጅ ቋጠሮ ይጨመርበታል። ሻጩ አንገቱን ገልብጦ ያሳያችኋል፤ እናንተ የእጅጌውን ታች፣ የጀርባውን መሃል እና የታችኛውን ጠርዝ ገልብጡ።

7. የሰንሰለት ስፌት ካለ ጫፉን ፈትሹ
የሰንሰለት ስፌት በፊት በኩል የተያያዘ ቀለበት፣ በጀርባ ቀጥ ያለ መስመር ነው። በሰው እጅ የሚመራ ማሽንም፣ አሪ በሚባለው መንጠቆ የሚሠራ እጅም ይሠራዋል፤ ስለዚህ ሻጩ «እጅ ነው» ሲል ደግማችሁ ጠይቁ። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ጥንካሬው ነው። የመጨረሻው ቀለበት ካልታሰረ አንድ ክር ሲሳብ መስመሩ በሙሉ ይተረተራል። ጫፎቹን አንድ በአንድ በቀስታ ጎተት አድርጉ።

8. የጨርቁን ጤና እዩ
ያለቀለት ቺካን ከሱቅ ከመግባቱ በፊት በልብስ አጣቢዎች ታጥቦና ነጥቶ ነው የሚመጣው። በጠንካራ ማንጫ የተመታ ጨርቅ ሳይታወቅ ይሳሳል። በስፌቱ አካባቢ በሁለት እጅ ይዛችሁ በቀስታ ሳብ አድርጉ፤ ክሩ ከተላቀቀ ወይም የመቀደድ ድምፅ ከተሰማ ተዉት። ቅናሽ አይጠግነውም።

ሰማያዊ ምልክት ብታዩስ? ንድፉ ከመጠለፉ በፊት በእንጨት ማህተም በሚታጠብ ሰማያዊ ቀለም ይታተማል። ያልታጠበ ልብስ ላይ ሰማያዊው ይቀራል፤ ጉድለት አይደለም። ለብቻው ማስረጃ አድርጋችሁ ግን አትውሰዱት።

ዛርዶዚ ከሆነ፦ ክሩ የተጠመዘዘ የብረት ሽቦ ነው። እውነተኛ ሥራ ላይ ሽቦው በመርፌ ተይዞ ተሰፍቷል፤ በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ጨርቁ ከጀርባ ይደርቃል፣ ያብረቀርቃል። በክንዳችሁ ውስጠኛ ቆዳ ላይ አሻሹት፤ የሚቧጭር ከሆነ ያለ ገበር አይለበስም።

ደረጃ 5፦ ጨርቁን እወቁ

የቺካን ጥሩው ማደሪያ ሙልሙል የሚባለው ስስ ጥጥ ነው። ጆርጀት ተብሎ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት የተለያየ ነገር አንዱ ነው፤ ከቪስኮስ (ከእንጨት ከሚሠራ ክር) ወይም ከፖሊስተር ሊሆን ይችላል። ቪስኮሱ ይተነፍሳል፣ ከተጠለፈ በኋላ ጥልፉም ጨርቁም አብረው ይቀለማሉ። ግን ሲርስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ እርጥብ ሆኖ ከተጠመዘዘ ይቀደዳል። ፖሊስተሩ አይጨማደድም፣ ግን ያሞቃል።

ሱቅ ውስጥ፦ ዳርቻውን በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ እስከ አምስት ቁጠሩና ልቀቁ። ጥጥና ቪስኮስ ይጨማደዳሉ፤ ፖሊስተር ይመለሳል። ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ፣ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ፣ የውስጥ ስፌት ላይ አድርጉ። ቶሎ ከጠጣው ጥጥ ወይም ቪስኮስ መሆኑ አይቀርም።

ቤት ውስጥ እርግጠኛ ለመሆን ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ ሁለት ክር መዛችሁ በወረንጦ ያዙ፣ ከውሃ ሳህን በላይ አቃጥሉ። ወረቀት ወረቀት ከሸተተና ግራጫ ዱቄት ከሆነ ጥጥ ወይም ቪስኮስ ነው። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሐር ነው። ቀልጦ ጠንካራ ኳስ ከሠራ ፖሊስተር ነው። ፈተናውን በልብሱ ላይ ሳይሆን በተመዘዘ ክር ብቻ አድርጉ፤ ልጆች ባሉበት አታድርጉት።

ደረጃ 6፦ ዋጋ፣ ደረሰኝ እና ትዕዛዝ

ስትከራከሩ «ቀንስልኝ» ከማለት ይልቅ ያያችሁትን ተናገሩ። «አንገቱ የእጅ ነው፣ ጠርዙ ግን የማሽን ነው» የሚል ገዢ ፊት ሻጩ አነጋገሩን ይለውጣል። ደረሰኙ ላይ የጨርቁ ዓይነትና «የእጅ ጥልፍ» የሚለው በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠይቁ፤ አልጽፍም ካለ መልሱን አገኛችሁ። ደረሰኙን ጠብቁት። ወደ አገር ቤት ይዛችሁ ስትገቡ ተመሳሳይ ልብስ በብዛት ከያዛችሁ ለንግድ እንደመጣ ሊቆጠር ስለሚችል ዋጋውን የምታስረዱት በእሱ ነው።

ማዘዝ የምትፈልጉ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ጨርቁ መጀመሪያ በልካችሁ ይቆረጥ፤ ጥልፉ ከዚያ ይግባ። አንገቱና ጎኑ ላይ ንድፉ የሚገጥመው በዚህ መንገድ ሲሠራ ነው።
2. የወደዳችሁትን ናሙና ከሜትር ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። የፈትሉን ቁጥርና የስፌቶቹን ስም ጻፉ።
3. ሰማያዊው ማህተም እንደታተመ፣ መርፌ ሳይገባበት ፎቶ ይላክላችሁ። ንድፍን ለማረም የመጨረሻው ዕድል ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ማስተካከያ ጨርቁን ያቆስላል።
4. ሙሉውን ገንዘብ አትክፈሉ። ቀሪውን ታጥቦ ከቀረበ በኋላ ስጡ።
5. የሠርግ ልብስ ከሆነ ወራት ቀድማችሁ እዘዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት እጥበቱና ማድረቁ ይጓተታል፤ በበዓል ሰሞንም ጠላፊዎች ሥራ ያቆማሉ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ ሳይቆረጥ ከፊት ወደ ጀርባ የሚገለበጥ አጭር ቪዲዮ በቀን ብርሃን ይላክላችሁ፤ ከታችኛው ጠርዝም አንድ የጀርባ ፎቶ ጨምሩ። ጀርባውን የማያሳይ ሻጭ ጋር ጊዜ አታጥፉ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው እጥበት

ዛርዶዚ ወይም ሙካይሽ የሚባለው የብረት ነጠብጣብ ያለበት ልብስ ውሃ ውስጥ አይገባም። ደረቅ ላውንደሪ ይስጡት፣ ብረት እንዳለበትም ይናገሩ። ከዚህ በታች ያለው ለክር ጥልፍ ብቻ ነው።

1. የቀለም ፈተና። ነጩን ጨርቅ በሳሙና ውሃ አርሳችሁ የውስጥ ስፌት ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጫኑ። ቀለም ከያዘ ልብሱ ዘላለም ለብቻው ይታጠባል፣ ውሃ ውስጥም አይቆይም።
2. ሰማያዊው ሳይወጣ አትተኩሱ። ሙቀት ቀለሙን ሊያስይዘው ይችላል።
3. 10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በሳፋ አዘጋጁ። ነጭ ወይም ቀለም የማይለቅ ልብስ ከሆነ ለ30 ደቂቃ ያለ ሳሙና ንከሩት፣ ውሃው ሰማያዊ ሲሆን ድፉት፣ ድገሙት።
4. አዲስ ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ልብሱ ሳይገባ በደንብ አማስሉ። የዱቄት ሳሙና ጥልፉ ላይ ከወደቀ ይቀርበታል።
5. ልብሱን ገልብጣችሁ አስገቡና በመዳፍ ወደ ታች ተጫኑ፣ ልቀቁ። ማሸት፣ መቧጨርና መጠምዘዝ የለም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል።
6. ውሃው ንጹሕ እስኪሆን አለቅልቁ፤ ሦስት ጊዜ የተለመደ ነው።
7. ስታወጡት ከስር በሁለት እጅ ደግፉ። በትከሻው ይዛችሁ ካነሳችሁት የውሃው ክብደት ጃሊውን ይጎትተዋል።
8. ፎጣ ላይ አንጥፉ፣ አብራችሁ ጠቅልሉ፣ ተጫኑ። ከዚያ በጥላ ቦታ ጠፍጣፋ ላይ ዘርጉ።

ብዙ ቤት ቀለም ይይዛል እየተባለ ጨው ወይም ኮምጣጤ ውሃው ላይ ይጨመራል። ተቀልሞ ያለቀ ጥጥ ላይ ሁለቱም ቀለም አያስይዙም። በረኪናም አትጠቀሙ፤ ሐርን ይበላል፣ ቀለምን ያነጣል፣ ስስ ጥጥንም ያሳሳል።

ደረጃ 8፦ ያልተሰፋ ጨርቅ ከገዛችሁ

ለልብስ ሰፊያችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ጨርቁንም ገበሩንም እጠቡ። ገበሩ በኋላ ካጠረ ልብሱ ከውስጥ ይሰበሰባል። ለገበር ስስ ጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተር ገበር የሙልሙልን ምቾት ያጠፋዋል። ለሰፊው ሦስት ነገር ንገሩት። ቀጭን መርፌ ይጠቀም። አበባ መሃል የሚያልፍ መቁረጫ ካለ ከመቁረጡ በፊት ከመስመሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ በማሽን ያያይዘው፤ ካልሆነ የተቆረጠው የጥልፍ ክር ይፈታል። ጃሊ ላይ ስፌት አያሳልፍ።

ደረጃ 9፦ መተኮስና ማስቀመጥ

ወፍራም ፎጣ አንጥፉ፣ ልብሱን ፊቱን ወደ ታች አስተኙ፣ በጀርባው ተኩሱ። እንዲህ ሲሆን ጥልፉ ፎጣው ውስጥ ይሰምጣል እንጂ አይጨፈለቅም። ጥጡን እርጥበት ሳይለቀው፣ ቪስኮሱንና ሐሩን በዝቅተኛ ሙቀት ተኩሱ። የፕላስቲክ አንጸባራቂ ካለ ካውያው አይንካው፤ ይቀልጣል።

ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡ ስታርች ያለበት ልብስ አታስገቡ፤ ነፍሳት ይወዱታል። በታጠበ አቡጀዲ ወይም በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሉት፣ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ እርጥበት ይዞ የብረቱን ክር ያጠቁረዋል። ሽቶ ከመልበሳችሁ በፊት ተቀቡ እንጂ ልብሱ ላይ አትርጩ። ከባድ ጥልፍ አይሰቀልም፤ ይታጠፋል፣ በሦስት ወር አንዴ የማጠፊያው ቦታ ይለወጣል።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ክር ቢመዘዝ፦ አትቁረጡት። በቀጭን ኪሮሽ ወይም ጫፉ በደነዘዘ መርፌ ወደ ጀርባ ሳቡና እዚያ እሰሩት።

የሰንሰለት ስፌት መተርተር ቢጀምር፦ የመጨረሻው ቀለበት ውስጥ ወዲያው መርፌ ቁልፍ አስገቡ። ከዚያ የተፈታውን ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ጀርባ ላይ አጥብቁ።

ሰማያዊው አልለቅ ቢል፦ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አንድ ሰዓት ንከሩና አለቅልቁ፣ ደጋግሙ። ነጭ ጥጥ ከሆነ ብቻ ክሎሪን የሌለው የኦክስጅን ማንጫ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይሞከራል።

ቀለም ለቆ ነጩን ጥልፍ ቢነካው፦ እንዳይደርቅ። እርጥብ እንዳለ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ከደረቀ በኋላ ማስለቀቅ በጣም ይከብዳል።

ጃሊው ቢቀደድ፦ ማሽን አይንካው። ከስሩ ትንሽ ስስ ጥጥ አድርጋችሁ በአንድ ፈትል ክር በእጅ ያዙት።

የዝገት ነጥብ ነጭ ጥጥ ላይ ቢወጣ፦ የሎሚ ጭማቂና ጨው አድርጋችሁ ጥቂት አቆዩ፣ በደንብ አለቅልቁ። የብረት መስቀያና መቆንጠጫ ከዚያ በኋላ አትጠቀሙ።

ወጥ ቢፈስበት፦ አትጥረጉት፣ ሙቅ ውሃም አታስነኩት። ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ ምጠጡ፣ ነጭ ዱቄት ነስንሳችሁ አንድ ሰዓት ተዉት፣ አራግፋችሁ በጀርባ በኩል የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጉ። እርድ ያለበት አልጫ ከሆነ ቢጫው ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ሊለወጥ ይችላል። የእርድ ጠባይ ነው፤ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫ ይመለሳል። የቀረውን ቢጫ ነጭ ጥጥ ላይ ከሆነ እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ የእርድን ቀለም ፀሐይ ታደበዝዘዋለች፣ አንድ ቀን ካልበቃ በማግስቱ አርሳችሁ ድገሙት።